የጓደኛን ድርሰት አንብቦ የሚጠቅም አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

ተማሪዎቼ ድርሰታቸውን ተቀያይረው እንዲያነቡና ኅዳጉ ላይ አስተያየት እንዲጽፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግሁ ዕለት፣ ማታ የወረቀቱን ክምር ቤቴ ወስጄ አንድ በአንድ አየሁት። «ጥሩ ነው።» «በርቺ።» «አሪፍ ነው፤ ግን አስተካክለው።» «የእጅ ጽሑፍህ አይነበብም።» አንዱ ደግሞ ሦስት አንቀጽ ሙሉ አንድም አራት ነጥብ በሌለው ድርሰት ግርጌ «ምንም ስህተት አላገኘሁበትም» ብሎ ፈርሟል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። «አስተያየት ስጡ» አልኳቸው እንጂ አስተያየት ምን እንደሚመስል አላሳየኋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መንዝ፣ ኋላ ደብረ ብርሃን አማርኛ ሳስተምር እየሞከርኩ፣ ያልሠራውን እየጣልኩ ያገኘሁትን አካሄድ ነው የምጽፈው። ለ9ኛ ክፍል ተማሪም፣ ለሥነ ጽሑፍ ክበብም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍም ይሆናል። በትምህርቱ ቋንቋ «የአቻ ምጋቤ ምላሽ» ይባላል፤ እኔ ግን ልጆቹ እንደሚሉት «አስተያየት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ብቻውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ነገራ ሲገባ፣ ማለትም የቆጠረውን ሊያሰማ ሲመጣ፣ መምህሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚሰማው አስነጋሪ አለ፤ ከእሱ ትንሽ ቀደም ያለ ተማሪ። አስነጋሪው ቅኔውን በጆሮው ሰምቶ የሚያነክስበትን ቦታ ይነግረዋል። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ወንበር ባዶ ትተነዋል። ድርሰት ከተማሪው እጅ በቀጥታ ወደ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ይሄዳል፤ በመካከል ሰው አያነበውም።

ጽሑፉን የጻፈ ሰው ጽሑፉ ውስጥ የሌለውንም ነገር እያየ ያነባል፤ ግቢው፣ ሰዉ፣ ሽታው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከጓደኛው የሚፈልገው ብቻውን ሊያውቀው የማይችለውን ነው፦ ቃሉ ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ምን ሆነ? የት ጋ ገባችሁ፣ የት ጋ ጠፋባችሁ፣ የት ጋ «ጨምርልኝ» አላችሁ? ይህን በትክክል ከነገራችሁት፣ ሰዋስው አዋቂ ባትሆኑም ከማንም በላይ ጠቅማችሁታል።

ከማንበባችሁ በፊት ጠይቁ

ወረቀቱን ተቀብላችሁ ወዲያው አትጀምሩ። መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቋት፦ ስንተኛው ረቂቅ ነው? ማን እንዲያነበው ነው የጻፍሽው? የትኛውን ነገር እንድመለከትልሽ ትፈልጊያለሽ? «ሁሉንም እይልኝ» ካለች አትቀበሉ፤ አንዱን እንድትመርጥ አድርጉ። ነገ ጠዋት ለሚሰበሰብ ድርሰት «አወቃቀሩን ከሥሩ ቀይሪው» ማለት ልጅቷን ተስፋ ማስቆረጥ ነው። ትናንት ማታ ለተጀመረ ረቂቅ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ መልቀም የሁለታችሁንም ጊዜ ይበላል፤ ያ ዐረፍተ ነገር ነገ ጨርሶ ሊሰረዝ ይችላልና።

የድርሰቱንም ዓይነት እወቁ። ተራኪ ድርሰት ላይ «ማስረጃ የለውም» ብሎ መጻፍ፣ አመዛዛኝ ድርሰት ላይ «ታሪኩ ልብ አይሰቅልም» ማለት ሁለቱም አይረዱም።

የመጀመሪያውን ንባብ ያለ እስክሪብቶ

እስክሪብቶ ከያዛችሁ እጃችሁ ስህተት ይፈልጋል። አስቀምጡት። ከተቻለ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ቤት ተከራይተው ሁለት ሦስት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ ማታ ከቤት የመጣውን ስንቅ እየበሉ አንዱ የአንዱን ድርሰት ጮክ ብሎ ሲያነብለት የሚሰማው ባለቤቱ ራሱ «ቆይ፣ ቆይ፣ እሱን ላስተካክለው» ሲል ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። ጆሮ ዓይን የሚያልፈውን ይይዛል። በተለይ አማርኛችን «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ፣ ሮጦ» እያለ ማሰሪያ አንቀጹን (ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ) እስከ ሦስተኛው መስመር ሊያዘገየው ይችላል። አንባቢው ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ዐረፍተ ነገሩ መቆረጥ የሚፈልግበት ቦታ ነው።

የገባችሁን መልሳችሁ ንገሩት

ከሁሉም እርምጃ የምወደው ይህ ነው፤ ጊዜ ቢያጥር ሌላውን ትቼ ይህን ብቻ አስደርጋለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ገልብጡትና ድርሰቱ ስለ ምን እንደሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር ለጸሐፊው ንገሩት። አትገምግሙ፣ አታመስግኑ፤ የገባችሁን ብቻ።

አንድ የመሐል ሜዳ አካባቢ ልጅ ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዙ የሣር ምድር፣ ጽፎ ነበር። ድርሰቱ የሚጀምረው «ኢትዮጵያ የበርካታ የተፈጥሮ ሀብቶች ባለቤት ናት» ብሎ ነው። (በዚህ ዐረፍተ ነገር የማይጀምር የተማሪ ድርሰት ያገኘሁ ቀን ደስ ይለኛል።) ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ደን ጥቅም፣ ሦስተኛው ስለ አየር ንብረት ነው። ጓደኛው አንብቦ ወረቀቱን ገለበጠና «የተፈጥሮ ሀብትን መጠበቅ አለብን ነው የምትለው» አለው። ልጁ ደነገጠ። «እንዴ! እኔኮ የጻፍኩት ሣሩ ሲዘጋና ሲከፈት ስላለው ነገር ነው!»

እውነቱን ነበር። የጓሳን ሣር የመንዝ ማኅበረሰብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም፤ ጊዜው ሲደርስ ተፈቅዶ ይከፈታል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ እዚያ የቆዩት በዚህ ነው። ልጁ ከአባቱ ጋር ለጣሪያ ክዳን ሣር ሊያጭድ የወጣበትን ንጋት በዓይኑ አይቷል፤ ግን ድርሰቱ ውስጥ ይህ የመጣው በመጨረሻው አንቀጽ፣ በሁለት መስመር ነው። ጓደኛው «መግቢያህ ደካማ ነው» ቢለው ኖሮ መግቢያውን ሌላ መግቢያ አድርጎ ይመልሰው ነበር። የገባውን ብቻ ስለነገረው ግን ልጁ ራሱ የመጨረሻውን አንቀጽ አንሥቶ ወደ ላይ አወጣው፤ ሁለቱ መስመር አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።

የነገራችሁትና እሱ ሊል የፈለገው ከገጠመ ለጸሐፊው ትልቅ ዜና ነው፤ ድርሰቱ ቆሟል ማለት ነው። ካልገጠመ ቀሪው ጊዜያችሁ በሙሉ እዚህ ላይ ይዋል።

ሁለተኛው ንባብ፣ በእርሳስ

አሁን እርሳስ ያዙ። ቀይ እስክሪብቶ ግን በፍጹም። ቀይ የመምህር ነው፤ ጓደኛችሁ ቀይ ቀለም ሲያይ ነጥብ እንጂ ሐሳብ አይታየውም። ሦስት ምልክት ይበቃችኋል፦ ፊታችሁ ላይ ሥዕል ሆኖ የመጣላችሁ ቃል ወይም ዐረፍተ ነገር ሥር መስመር፤ የጠፋባችሁ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት፤ «ቀጥል፣ ጨምር» ያሰኛችሁ ቦታ ላይ የመደመር ምልክት። ምክንያቱን ገና አትጻፉ፤ ምልክት ብቻ እያደረጋችሁ ወደ ታች ውረዱ።

የጥያቄ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቅበትን አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ስለሚይዝ፣ ሁለት ወንዶች ያሉበት ታሪክ ውስጥ «ነገረው፤ ተናደደና ወጣ» የሚለው ለጸሐፊው ግልጽ ሆኖ ለአንባቢው ግን ማን እንደወጣ አይታወቅም። ጸሐፊው ይህን ራሱ ሊያየው አይችልም፤ እሱማ ማን እንደወጣ ያውቃል። እናንተ «ማን ነው የወጣው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው የሚያየው።

ሁለት ነገር ምረጡ፤ ፊደል ይቆይ

ምልክቶቻችሁን ቁጠሩ። አሥራ አምስት ቢሆኑም የምትጽፉት ስለ ሁለቱ ነው፤ ቢበዛ ስለ ሦስቱ። አሥራ አምስት አስተያየት የደረሰው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀላሎቹን አርሞ ይተዋል።

የትኞቹ ይቅደሙ? ሐሳቡ ይቅደም፦ ምን ሊል ፈልጎ ምን አለ? ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ፦ አንቀጾቹ እያንዳንዳቸው ኃይለ ቃል (ዋናውን ሐሳብ የሚይዝ ዐረፍተ ነገር) አላቸው? አንዱ ሌላውን ይጠራል? ከዚያ ዐረፍተ ነገሩ። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ መጨረሻ፣ ያውም ለመጨረሻው ረቂቅ።

ይህን የምለው ለሥርዓት ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ስለተኛችበት ሳምንት ድርሰት ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ከልቤ የወጣ ጽሑፍ ነበር። መምህሩ «ሀ»ውን ወደ «ሐ»፣ «ሰ»ውን ወደ «ሠ» እየለወጠ ገጹን በቀይ ሞላውና መለሰልኝ። እርማቱ ትክክል ነበር። ስለ እናቴ ግን አንዲት ቃል አልነበረበትም። «አነበብኩት» እንኳ አላለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ስለ ራሴ ቤት አልጻፍኩም።

ተማሪዎች ሲተራረሙ ከሁሉ ቀድመው የሚሮጡት ወደ ሞክሼ ፊደላት ነው፦ «ፀሐይ» ነው «ጸሐይ»? ክርክሩ አያልቅም፤ ድርሰቱም አንድ ስንዝር አይራመድም። አንድ ቃል አንድ ገጽ ላይ በሁለት መልክ ተጽፎ ካገኛችሁ «አንዱን ምረጥ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

አስተያየቱን መጻፍ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነውና።

የሚጠቅም አስተያየት ሦስት ነገር አለው። ቦታው የት እንደሆነ ይናገራል። እዚያ ቦታ ላይ አንባቢው ምን እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ጸሐፊው መልስ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ ይተዋል። «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ ገበያው ጋ ስትደርስ፣ ከማን ጋር እንደሄድክ ጠፋኝ፤ ወንድምህ አብሮህ ነበር?» በቃ። አስተካካዩ እናንተ አይደላችሁም፤ ቃሉን ራሱ ያምጣው። «እንዲህ ብለህ ጻፈው» ብላችሁ ዐረፍተ ነገር ከሰጣችሁት፣ ይገለብጠዋል፤ ድርሰቱም የሁለት ሰው ጨርቅ የተጣፈበት ይሆናል።

አንድ አንቀጽ ላሳያችሁ። ጸሐፊዋ የመንዝ ልጅ ናት፣ የ10ኛ ክፍል፤ ፈቅዳልኛለች።

«አያቴ በጣም ታታሪ ናቸው። ሁልጊዜ ይሠራሉ። የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። መንዝ በጣም ብርድ ስለሆነ ሰዎች ባና ይለብሳሉ። ባና ለብርድ ጠቃሚ ነው። አንድ ቀን አያቴ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ጣታቸውን አሳዩኝ። በጣም ገረመኝ። ስለዚህ ታታሪነት ጥሩ ነገር ነው።»

መጀመሪያ ያነበበላት ልጅ የጻፈላት ይህን ነው፦ «በጣም የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግመሻል። መደምደሚያሽ ደካማ ነው። በርቺ።» ስህተት የለውም፤ በእርግጥም ሦስት ጊዜ አለ። ልጅቷ ግን ምን ታድርግበት? ሁለቱን «በጣም» ሰርዛ «እጅግ» ብላ ተክታ መለሰችው።

ቀጥሎ ያነበበችላት ከሸዋ ሮቢት ከዘመዶቿ ዘንድ ለመማር የመጣች ልጅ ነች፤ ከሙቅ አገር ነው የመጣችው። እንዲህ ጻፈችላት፦

«አያትሽ እንዝርቱን አስቀምጠው ጣታቸውን ያሳዩሽ ቦታ ላይ ቆምኩ። እኔም ላየው ፈለግሁ፤ አንቺ ግን ገረመኝ ብለሽ አለፍሽው። ጣታቸው ላይ ምን ነበር? ሌላ ደግሞ፣ እኔ ባና ለብሼ አላውቅም። ለብርድ ጠቃሚ ነው ስትዪ ምንም አልተሰማኝም። ይከብዳል? ይኮሰኩሳል? መጨረሻ ላይ ስለ ታታሪነት ስትናገሪ አያትሽ ጠፉብኝ።»

ይህች ልጅ በአማርኛ ፈተና ከክፍሉ ጎበዝ ከሚባሉት አልነበረችም። ግን አንባቢ ናት። የማታውቀውን አላወቅሁም አለች፤ የፈለገችውን ጠየቀች። ባናውን የማታውቅ መሆኗ ራሱ ጠቀመ፤ መንዝ ያደገ ሰው ባና ይኮሰኩሳል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛው ረቂቅ ይህ ነው፦

«አያቴ እንዝርታቸውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል፣ ክሩ ሲያልፍ የኖረበት ቦታ፣ ጠጥሮ ያብለጨልጫል። ‹ንኪው› አሉኝ። እንደ ቀንድ ነበር። የእሳቸውን ባና ማታ ስለብስ አንገቴን ይኮሰኩሰኛል፤ ከላዬ ላይም ሰው የተኛብኝ ያህል ይከብደኛል። ከተማ ተከራይቼ በብርድ ልብስ የተኛሁ ማታ ግን ክብደቱ ናፍቆኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

የታታሪነቱ ዐረፍተ ነገር የት ሄደ? ማንም አውጪው አላላትም። ጣቱ ከመጣ በኋላ ራሷ አያስፈልግም ብላ ጣለችው።

ምስጋናም በዚሁ መንገድ ይጻፍ። «አሪፍ ነው» ማለት ደስ ያሰኛል፤ ግን ጸሐፊው የትኛውን እንደገና ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። «እንደ ቀንድ ነበር የሚለው ላይ እጄን አየሁ» ብትሉት ግን ያውቃል። ይህን የምለው ሰውን ለማስደሰት አይደለም፤ የሠራውን ነገር ያላወቀ ጸሐፊ ሲያሻሽል መልካሙንም አብሮ ይሰርዘዋል። ስንት ጥሩ ዐረፍተ ነገር በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ።

እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ

አስረጂ ድርሰት ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አላችሁ፤ የተጻፈው ነገር ከምታውቁት ጋር ካልገጠመላችሁ «ከየት አገኘኸው?» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ተማሪ የጣርማበርን የመኪና መንገድ ዋሻ አፄ ምኒልክ እንዳሠሩት አድርጎ ጽፎ ነበር። ያነበበለት የደብረ ሲና ልጅ «አባቴ ጣሊያን ነው የሠራው ይላል፤ አንተ ከየት አገኘኸው?» አለው። ሁለቱም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነው፤ ዋሻው የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ነው። «ተሳስተሃል» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ክርክር ይነሣ ነበር፤ «ከየት አገኘኸው?» የሚለው ግን አብረው እንዲፈልጉ አደረጋቸው።

የአካባቢ ቃል ሲገጥማችሁ

በአንድ ክፍል ውስጥ የመርሐቤቴም፣ የቡልጋም፣ የኤፍራታም፣ የምንጃርም ልጅ ይቀመጣል። አርጎብኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታም አለ። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ «ይህ አማርኛ አይደለም» ብላችሁ አትሰርዙ። አንድ የሞረትና ጅሩ ልጅ ስለ አባቱ ማሳ ሲጽፍ «መረሬ» ብሎ ነበር፤ የከተማ ጓደኛው «ጥቁር አፈር በለው» ብሎ አረመው። ቃሉ ከነሕይወቱ ሄደ። ትክክለኛው አስተያየት «መረሬ ምን ዓይነት ነው? አላውቀውም» ነበር። ኋላ ልጁ ሲጠየቅ፣ ክረምት ውሃ ቋጥሮ የበሬውን እግር የሚውጥ፣ በጋ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ያንን ጻፈው አልነው። ቃሉም ቀረ፣ ማሳውም ታየ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ በአነጋገሩ መሳቅ ነውር ነው። ያልገባችሁን ጠይቁት፤ ሌላውን እኔ አየዋለሁ።

ፊት ለፊት መነጋገር

ከባዱ ይሉኝታ ነው። ልጆቻችን ጨዋ ሆነው ያደጉ ናቸው፤ የሰውን ሥራ ፊቱ ላይ መንካት ይከብዳቸዋል። በተለይ ጓደኛቸው ደህና ነጥብ ያላት ከሆነች፣ ወይም አብረው የሚኖሩ ከሆኑ። ይሉኝታን ግን በድፍረት አይደለም የምትወጡት፤ ስለ ሰውየው መናገር ትታችሁ ስለ ወረቀቱና ስለ ራሳችሁ በመናገር ነው። «አንተ ግልጽ አትጽፍም» ፍርድ ነው። «ሦስተኛው መስመር ላይ ሁለት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም» ግን የሆነ ነገር ነው፤ የሚቀየምበትም የለም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላልና፣ የጻፋችሁትን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለራሳችሁ አንብቡት።

በማታው ክፍል የልጆች እናት የሆኑ ተማሪዎች አሉኝ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ የእናቱ እኩያ የሆኑ ሴት ድርሰት ደርሶት «እትዬ፣ እኔ ምን ብዬ ነው ለእርስዎ...» ብሎ ወረቀቱን ሊመልስላቸው ሲል አየሁ። «የገባህን ብቻ ንገራቸው» አልኩት። «እትዬ፣ ከባለቤትዎ ጋር ወደ ምንጃር ከወረዱ በኋላ ያለው ገብቶኛል፤ ለምን እንደወረዱ ግን አልገባኝም፤ ለምን ነበር?» አላቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብለው «እሱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ ግን እጽፈዋለሁ» አሉ። አክብሮቱም ጥያቄውም በአንድ አፍ ወጣ።

ተቀባዩም ሥራ አለው፦ እስኪጨርሱ ዝም ማለት። «አይ፣ እኔ እዚያ ላይ ለማለት የፈለግሁት...» ብሎ ማስረዳት ከጀመረ፣ ያ የሚያስረዳው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም ማለት ነው። ስለዚህ አፉን ዘግቶ፣ ሊናገር የፈለገውን ኅዳጉ ላይ ጽፎ ይያዘው፤ ለሁለተኛው ረቂቅ ያስፈልገዋል። ሲያበቃ «አመሰግናለሁ» ብቻ። ከዚያ የሚቀበለውንና የማይቀበለውን የሚመርጠው እሱ ነው። ሁለት አንባቢ አንድ ቦታ ላይ ከጠፋባቸው ግን ቦታው በእርግጥ ችግር አለበት፤ መድኃኒቱ ላይ ባይስማሙ እንኳ።

በቴሌግራም የሚላላኩ ድርሰቱን ፎቶ አንሥተው ይልካሉ፤ አስተያየቱን በድምፅ መልእክት መመለስ ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የድምፁ ቃና ቅያሜን ይቀንሳል። የክፍሉ ግሩፕ ላይ ግን አታድርጉት። በውስጥ መስመር ይሁን።

ለመምህራን

አንድ ፔሬድ 40 ደቂቃ ነው፤ ክፍሉም ሙሉ ነው። እንዲህ ብትከፍሉት ይበቃል፦ ለጥያቄው 5 ደቂቃ፣ ለመጀመሪያው ንባብ 10፣ የገባቸውን መልሰው ለመንገር 5፣ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ለመጻፍ 12፣ ለንግግር 8። ከአንድ ገጽ የበለጠ ድርሰት ካለ ልጁ አንድ ገጹን ይምረጥ።

በሦስት በሦስት አስቀምጧቸው። አንድ ሲቀር ሁለቱ ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዱም ድርሰት ሁለት አንባቢ ይኖረዋል። የቅርብ ጓደኛሞችን ለዩ። «አንድ ለአምስት» የሚባለው የተማሪዎች ቡድን በነበረ ጊዜ ብዙ ክፍል ውስጥ መሪው ተናጋሪ፣ ሌሎቹ ሰሚ ሆነው ሲቀሩ አይተናል፤ ይህን ሥራ በደረጃ ካደራጃችሁት እዚያው ትመለሳላችሁ። ደካማ የሚባለው ተማሪ ለጎበዙ አስተያየት ይስጥ። ድርሰቱ ግልጽ ያልሆነበትን ቦታ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው፤ ጎበዙ ግን የጎደለውን በራሱ እየሞላ ያልፈዋል።

ተማሪ ለተማሪ ነጥብ አይስጥ። እኔ አንድ ሴሚስተር ከ10 እንዲሰጡ አድርጌ ነበር። ሁለት አብረው ያደጉ ልጃገረዶች በአንድ 6 ምክንያት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳይነጋገሩ ቀሩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ የምሰጠውም ለድርሰቱ ብቻ ሳይሆን ለጓደኛ ለተጻፈው አስተያየት ጭምር ነው፤ ቦታ ጠቁሟል? የሆነውን ነግሯል? ጠይቋል?

ከሁሉ በፊት ግን የራሳችሁን ረቂቅ ይዛችሁ ግቡ። ጥሩውን ሳይሆን ያላለቀውን። እኔ ስለ አባቴ እርሻ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «የት ጋ ጠፋችሁ?» አልኳቸው። ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አባትዎ በሬውን ለምን እንደሸጡት አልጻፉም» አለች። ልክ ነበረች፤ ሳልጽፈው የቀረሁት ስለሚያመኝ ነው። እዚያው ፊታቸው ጠመኔውን አንሥቼ ጻፍኩት። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል «ምንም ስህተት አላገኘሁበትም» የሚል አስተያየት አልደረሰኝም።

ሁለተኛው ረቂቅ ሲመጣ የመጀመሪያውንና አስተያየቱን አንድ ላይ በስፒል አያይዘው ያስረክቡ። መጀመሪያ ያነበበው ልጅ እንደገና ያንብበውና ግርጌው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ያን ጊዜ የጠፋብኝ ቦታ አሁን ገብቶኛል፣ ወይም ገና አልገባኝም። ገና ከሆነ ሦስተኛ ረቂቅ አለ። ካለቀ ደግሞ ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያው ላይ ይነበብ፤ ስሙ ሲጠራም የአንባቢው ስም አብሮ ይጠራ።